ለዳኛ ያልደረሰው አፈር

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከመሸንቲ ስንወጣ አህያችን አንድ ጆንያ የጓሯችንን አፈር ተጭኖ ነበር፤ እኔ ደግሞ ራሴ የጻፍሁትን ማመልከቻ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ። ፊደል ከቆጠርሁ ወዲህ ለሰው ጉዳይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ለአባቴ ሳነብላቸው «ደኅና አድርገሽ ወጋሻት» አሉኝ።

የተወጉት ጎረቤታችን እትየ ስንዱ ናቸው። አባቴ አምና ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈሩ። ውሃው እረኞች ከብት ለማወፈር ርቀው ሄደው የሚያጠጡትን የአምቦ ውሃ ይመስላል፤ ምላስ ላይ ይቆያል። «ከብት ያወፈረ ውሃ ሽንኩርት ማወፈር አያቅተውም» ብለው ኮሩበት። አምና ሽንኩርቱም ጎመኑም አማረ። ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ከጫፉ ደረቀ፤ መሬቱ ነጭ ቅርፊት አወጣና እንደ ሸክላ ጠጠረ። የእትየ ስንዱ ላሞችም አጥር እየጣሱ ይገባሉ። «ረግጠው ረግጠው አፈሬን ገደሉት» ይላሉ አባቴ። አፈሩን የጫንነው ባሕር ዳር ያለው ጣሊያን የሾመው ዳኛ እንዲያየው ነው። ከፈረደልን ላሞቹ ይወሰዳሉ። እትየ ስንዱ ባል የላቸውም፤ ከእነዚያ ላሞች በቀር ሀብትም የላቸውም። ያንን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ፊደሉ ግን አምሯል።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ዱቄት የነፋን እንመስላለን። ከኋላችን የቅቤ ነጋዴ አህያ እየተከተለች ጆንያችንን ትልሳለች።

«አህያህን ያዝ» አሉ አባቴ።

«እህል መስሏት ነው፣ ጋሼ።»

«አፈር ነው እኮ።»

ነጋዴው እስከ ኬላው ድረስ ሳቀ።

ኬላው ላይ ባንዳው ጆንያውን አስፈታ። ነጩን ቅርፊት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ባሩድ ነው?»

«አፈር ነው፣ ጌታዬ።»

«ባሕር ዳር አፈር አጣን?» በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰና እንትፍ አለ። «ጨው ነው። አሞሌ ፈጭተህ ከአፈር ቀላቅለህ ልትሸጥ ነው?»

እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁ። አባቴ አልሳቁም።

ከቀትር በኋላ፣ ባሕር ዳር

ሐይቁን አየሁት። ማዶው አይታይም። ዳርቻው በደንገል አረንጓዴ ሆኗል፤ ታንኳዎቹ እንደ ተኛ ዳክዬ ይወዛወዛሉ። ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ፤ ምንም ጣዕም የለውም። እንደዚህ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ያደርነው ከአባቴ የገበያ ወዳጅ ከአያ እድሪስ ዘንድ ነው። የደንገል ታንኳ ሠሪ ናቸው። ባለቤታቸው ዓሣ ጠብሰው በቃሪያ አቀረቡልን። አባቴ ክሱን ሲተርኩ አያ እድሪስ ደንገል እያሰሩ ሰሙ።

«ላሞቹ ሽንኩርቱን ይበሉታል?»

አባቴ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። «አይበሉም። መሬቱን ነው የሚልሱት።»

አያ እድሪስ ደንገሉን ጥለው ሳቁ። «እኔም ሐይቅ መመላለስ ሰልችቶኝ ከቤቴ ጀርባ ቆፍሬ ነበር፤ ጎመኔን እንዲሁ አነደድሁት። ውሃህ ጨው አለበት፣ ብሩ። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨዉን ትተውልሃለች። ስታጠጣ ከረምህ፣ ስትጨምርበት ከረምህ።»

«እንግዲያ መሬቴ ሞተ?»

«አልሞተም። ወደ ታች ቦይ ክፈትለትና የክረምት ዝናብ ይጠበው። የእኔ በሁለተኛው ክረምት ተመለሰ። እስከዚያ ለአትክልትህ ከወንዝ ቅዳ። ነገ ዳኛው ዘንድ ትሄዳለህ?»

«ሄጄ ምን ልበለው? ላሞቹ ከእኔ ቀድመው አወቁ ልበል?»

ያን ጊዜ እኔም ሳቄን አላፈንሁም።

ረቡዕ፣ ስንመለስ

የማመልከቻው ጀርባ ንጹሕ ስለ ነበረ ይህን ማስታወሻ የትናንቱን ጨምሬ ዛሬ እዚያው ላይ ጀመርሁ። ኬላው ላይ ያው ባንዳ ቆሟል። «አፈሩን መለስኸው? ገዢ አጣህ?» አባቴ ዛሬ ሳቁለት።

ስንደርስ እትየ ስንዱ የላሞቻቸውን ገመድ ጨብጠው ደጃቸው ላይ ቆመዋል፤ ልንነዳባቸው የመጣን መስሏቸዋል። አባቴ ጆንያውን ከፊታቸው አራገፉት። ላሞቹ ገመዱን ጎትተው አፈሩን ይልሱት ጀመር።

«ከባሕር ዳር አፈር አመጣህልኝ?» አሉ እትየ ስንዱ።

«የጓሮዬ ነው። አገር አሳይቼው መጣሁ።» ከዚያ አባቴ በጋውን ሙሉ ሲጠግኑት የከረሙትን አጥር በእጃቸው ነቅለው በር አወጡለት፤ ጉድጓዱ ዳር ገንዳ አኑረው ውሃ ቀዱ። «ጠዋት ጠዋት አምጫቸው። ውሃው የእነሱ ነው።»

እትየ ስንዱ እንባቸውንም ሳቃቸውንም በአንድ መቀነት ጠረጉ። ወዲያው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ።

«ደግሞ ምን ጽፈሻል፣ አንቺ? እስቲ አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን ገለበጥሁና ከኬላው ጀምሬ አነበብሁላቸው።