በድር የተለካው የውሃ መስመር

ሽሮ ሜዳ ላይ ድር በማድራት የሺመቤትን የሚስተካከላት አልነበረም። ከጨንቻ የመጡት አባቷ ሸማኔ ነበሩ፤ ባሏ በድሉም ሸማኔ ነው። ችካል ሜዳው ላይ ተክላ፣ ክር ይዛ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ መስመሯ ዝንፍ አይልም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ሙያዋ ነው።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው፤ ሰው በጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ማታ መመለሱን የማያውቅበት። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ከወንዝ ነበር፤ ያ ወንዝ ከላይ ምን ይዞ እንደሚወርድ ባይነሣ ይሻላል። የጎረቤቷ የዓለሜ ሕፃን በተቅማጥ ከሞተ ወዲህ ግን ሴቶቹ ዝም ብለው መቀመጥ አቃታቸው። ተሰባስበው የውሃ መሥሪያ ቤቱን ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። በመጨረሻ፣ ቦዩን ራሳችሁ ከቆፈራችሁ ቧንቧ ዘርግተን ቦኖ እንተክልላችኋለን፤ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ይበቃል፤ መስመሩን ምልክት አድርጉና ሰኞ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል ተባሉ።

የሺመቤት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ሰፈሩ መሐል ችካል እየተከለች ድር ዘረጋች። ዓለሜ ለቀበሌው ብንነግር አይሻልም ወይ ብትል፣ ሌሎቹ ሴቶች ለክር ደግሞ ማን ፈቃድ ይጠይቃል ብለው ሳቁባት። ባይስቁ ምናለ። መስመሩ የሚያልፈው በቀበሌው ሊቀ መንበር አጥር ጀርባ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የጎረቤት ቀበሌ ሊቀ መንበር በጥይት ተመቶ ሞቷል።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ታጣቂዎች፣ አብዮት ጥበቃዎቹ፣ ክሩን አዩት። ለእነሱ ወደ ሊቀ መንበሩ አጥር የሚመራ የገዳይ መንገድ ምልክት ነው። ሲከተሉት የተረፈውን የክር ጥቅል በበድሉ ደጃፍ ላይ አገኙት። የሺመቤት ከወንዝ ስትመለስ ባሏ እጁን የኋሊት ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

በዚያ ሰሞን እንዲህ ታስሮ የሄደ ወንድ አስከሬኑ መንገድ ዳር ነበር የሚገኘው። ብትናገር ደግሞ ተራው የእሷ ነው። እንስራዋን አወረደች።

«የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ የውሃ መስመር ነው» አለች።

የጥበቃዎቹ አዛዥ ሳቀ። ውሃ ከሆነ ቆፍሩና እንየዋ አለና የሰፈሩን ሴቶች ዶማ አስይዞ አስወጣቸው። ሴቶቹ ድሩን ተከትለው ተደረደሩ፤ የታጠቁት ሰዎች ከኋላቸው ቆሙ። የሚሰማው የዶማ ድምፅ ብቻ ነው። የሺመቤት የምታስበው አንድ ነገር ነበር። ለቧንቧ እስከ ጉልበት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የሚቆፈረው ለሌላ ነገር ነው። ጉድጓዱ ቁርጭምጭሚቷን አለፈ፤ ባቷን አለፈ። ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ዶማዋን አቁማ ወደ አዛዡ ቀና አለች።

«ቀጥይ» አላት።

ዓለሜ ከጎኗ ማልቀስ ጀመረች። የሺመቤት ቆፈረች። እንጦጦ ማርያምን እየተማጠነች፣ አንዴም ወደ ባሏ ላለማየት እየታገለች ቆፈረች። ጉድጓዱ ወገቧ ጋ ሲደርስ ከአስፋልቱ በኩል አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። የውሃው ባለሙያ ነው። የሆነውን ሁሉ አያውቅም፤ ጉድጓዱን አይቶ ተቆጣ።

«እስከ ጉልበት ብለናችሁ አልነበረም እንዴ? ይኼን ያህል ማን አስቆፈራችሁ?»

አዛዡ የሰውየውን መታወቂያ አገላብጦ አየና በድሉን ፍቱት አለ።

ቦኖው ክረምት ሳይገባ ተተከለ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። የሺመቤት ግን ውሃ ስትቀዳ ኖራ ኖራ፣ ያቺን በጥልቀት የቆፈረቻትን ቦታ አንድ ቀን ረግጣት አታውቅም። ልጆቿም ሲረግጧት ትቆጣለች። እዚያ ማን ተቀብሮ ነው ብለው ሲጠይቋት መልሷ ያው ነው።

«እኔ» ትላለች።