ብቻዬን ነው የምሠራው

አባ ጥጥ የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ፍራሽ ሰሪ ነው። ሲሠራ ውሎ ሲወጣ ፀጉሩ፣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን፣ በሠላሳ ዓመቱ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ይመስል ነበር። አሁን ሃምሳ ሦስት ሞልቶት ፀጉሩ በራሱ ጊዜ ነጥቷል፤ ስሙም ቀልድ መሆኑ ቀርቷል።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። አንድ በርና አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቱም ጥጡ በነፋስ እንዳይበተን ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ያረጀ ፍራሽ ይመጣል፣ ይተረተራል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ጥጥ ወለሉ ላይ ይዘረገፍና እስኪፈታ ድረስ በዱላ ይደበደባል። ከዚያ አዲስ ጨርቅ ውስጥ ይሞላና ፍራሹ በጎኑ ይቆማል። እዚህ ላይ ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል ተቀምጦ፣ ክንድ የምታህለውን መርፌ አንዱ ሲወጋ ሌላው ስቦ ይመልሳል። ፊትና ፊት ናቸው፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ጋ ይደርሳል። በዚያኛው በኩል የምትቀመጠው ታላቅ እህቱ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። እሱ ሚስቱን ከቀበረ፣ እሷ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ይኖራሉ።

ሙያውን ያወረሳቸው አባታቸው፣ ብናኝ የሚውጥ ሰው አፉ ባዶ መሆን የለበትም ይል ነበር። ስለዚህ ዱላ ከመነሳቱ በፊት አንዳንድ ከረሜላ ጉንጭ ውስጥ ትገባለች። ጉሮሮ ታርሳለች፣ ሳል ታስታግሳለች። አፍና አፍንጫ በጨርቅ መሸፈን ለአባትየው የሰነፍ ሥራ ነበር፤ ልጆቹም እንደዚያው አድርገው ይዘውታል። ከአራት ዓመት በፊት ግን አባ ጥጥ ስኳር አለብህ ተባለ። መጀመሪያ የቀረችውም ያቺው ከረሜላ ናት። እህቱ የእሷን ጉንጯ ውስጥ እያገላበጠች፣ እንግዲህ አንተ ብናኝህን ያለ ማጣፈጫ መዋጥ ልመድ ብላ ሳቀችበት።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ሳል ጀመረው። እህቱ ወዲያው ፍርዷን ሰጠች፦ ከረሜላውን ስለተውክ ነው፣ ጉሮሮህ ደርቆ ነው። እሱም አመነ። ለምን አያምን? አባታቸው ሲል የኖረው ይህንኑ አይደል። ቀጥሎ ልብሱ ይሰፋው ጀመር፤ እሱን ስኳሩ ነው አሉ። ሌሊት አንሶላው በላብ ሲርስ የክፍሏ ሙቀት ነው ተባለ። ድካሙን ደግሞ ዕድሜ ወሰደው። ለእያንዳንዱ ነገር ባለቤት ተገኘለት፤ ሁሉም የአንድ ጌታ ንብረት ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ደብቀው ሳይሆን አከፋፍለው ነው የጠፋባቸው።

ጤና ጣቢያው በየወሩ ይቀጥረዋል። የስኳር ክፍል ነርሷ ጣቱን ትወጋለች፣ ትመዝነዋለች፣ ትጽፋለች። በዚያ ሰሞን ስኳሩ ወጥቶ ወጥቶ ሦስት መቶን አልፎ ነበር፤ ክብደቱም በሦስት ወር ስምንት ኪሎ ቀንሷል። ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቀው የለም ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሳል ሲመጣበት ትንፋሹን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ይውጠዋል። ሳሉን የሚውጠው ተንኮል አስቦ አይደለም። ሳል የፍራሽ ጉዳይ፣ ይህ ደግሞ የስኳር ክፍል ነው፤ የሱቁን ነገር እዚህ ይዞ መጥቶ የሰው ጊዜ ማባከን ነውር መስሎት ነው። ደግሞም ደክሞታል። የደከመው ሰው ጥያቄ አይወድም።

በአራተኛው ወር ሳሉ አልዋጥ አለ። ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ያዘውና ግድግዳውን ተደግፎ አንጀቱ እስኪላወስ ሳለ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው። ስለ ብናኙና ስለ ከረሜላው አጫወታት። እሷ ግን አልሳቀችም።

“ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ የሰውነት ዘበኞች ይደክማሉ” አለችው። “ጤነኛ ሰው ላይ ተኝቶ የሚቀረው ጀርም እርስዎ ላይ ይነሳል። የሳንባ ምችም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ ስኳር ያለበትን ሰው ቶሎ ነው የሚይዘው። ሳንባው ሲታመም ደግሞ ስኳሩ ይብሳል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሳልዎን ለእኔ ካልነገሩኝ ለማን ሊነግሩት ነበር?”

አክታ ሰጠ፣ ራጅ ተነሳ። ከሁለት ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ነርሷ በደንብ አስረዳችው። መድኃኒቱ ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል፣ ስኳሩም ከእንግዲህ በመርፌ ይያዛል፣ ሁለቱም ከተያዙ ይድናል። ከዚያ መዝገቡን ገልጣ ጠየቀችው።

“አብሮዎት የሚኖር፣ አብሮዎት የሚሠራ ማን አለ? መመርመር አለባቸው።”

“ማንም የለም ሲስተር” አለ አባ ጥጥ። “ብቻዬን ነው የምሠራው።”

ይህን ያለበት ምክንያት አለው፤ ምክንያት መሆኑ ግን ደግ አያደርገውም። እናታቸው የሞተችው በዚሁ በሽታ ነው። ያኔ እህቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያስታመመችውም ደሙን የጠረገችውም እሷ ናት። እሱ ትንሽ ስለነበር ጎረቤት ቤት ሰደዱት። እህቱ ከዚያ ወዲህ እባብም ሌባም አያስፈራትም፤ የዚያን በሽታ ስም የጠራባት ሰው ግን ቤቱን ለቃ ትወጣለች። እና እንዴት ብሎ ይንገራት? አራት ወር ሙሉ ፊት ለፊትሽ ሆኜ የተነፈስኩት እሱን ነው ይበላት? አቅም አጣ። ፈሪ ሆኖ ነው ቢባል ደግሞ ሐሰት አይደለም።

ቤት ሲገባ ሳንባዬን ትንሽ ብርድ መቶኛል አላት። በማግስቱ መቀመጫውን ወደ በሩ ወሰደ። አፉን በጨርቅ ሸፈነ። ፍራሹን ማቆም ትቶ ወለሉ ላይ አጋድሞ ብቻውን ይሰፋ ጀመር፤ በአንድ ቀን የሚያልቀው ሦስት ቀን ፈጀ። ምግቡን ለብቻው ይበላል፣ ሱቁ ውስጥ ያድራል። ለምን ስትለው ብርሃኑ በሩ ጋ ይሻላል፣ ሱቁ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ እንዳልነሳሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበረው። እሷን እየጠበቀ ነበር፤ ከራሱ። እሷ ግን ሆድ ባሳት። ወንድሜ ፊት ነሳኝ፣ እርጅናዬ አስጠላው ብላ አሰበች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነው ከረሙ፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ኩርፊያ።

የሆነውን አባ ጥጥ የሰማው በኋላ ነው። እሱ ጨርቅ ሊገዛ በወጣበት ቀን እህቱ ነጠላዋን ለብሳ ጤና ጣቢያ ሄደች። የስኳር ክፍሏን ነርስ ፈልጋ አግኝታ፣ ለመሆኑ ስኳር የሰው ጠባይ ይለውጣል ወይ ስትል ጠየቀቻት። የማንን ጠባይ አለች ነርሷ። የወንድሜን፣ የፍራሽ ሰሪውን። ነርሷ ቀና አለች። ብቻቸውን የሚሠሩት? አለቻት። እህቱም የለም፣ ከእኔ ጋር ነው እንጂ፣ ፊት ለፊቱ እኔ ነኝ አለች። ነርሷ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አንድ ቃል አልተናገረችም። እርስዎንስ ያስልዎታል ወይ ብቻ አለቻት። ሁለት ሳምንት ይሆነኛል፣ ብናኝ ነው፣ በከረሜላ እያስታገስኩት ነው። ነርሷ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አቀበለቻት፤ አክታ እንድትተፋባት። እህቱ ያቺን ዕቃ ታውቃታለች፤ እናቷ አልጋ ሥር ከአርባ አምስት ዓመት በፊት አይታታለች።

አባ ጥጥ ጨርቁን ተሸክሞ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። ዱላ አልያዘችም፣ መርፌ አልያዘችም። አታለቅስም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊትህ የተቀመጥኩት፣ ማንም አይደለሁማ።”

ጨርቁ ከትከሻው ወረደ። ላስፈራሽ አልፈለግኩም ሊል አፉን ከፈተ፤ ሳል ቀደመው። ሲጨርስ ሊለው የነበረው ነገር ዋጋ እንደሌለው ገባው። እናቷን በአሥራ አራት ዓመቷ ያስታመመችን ሰው ከፍርሃት አድናለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ያዳነው እሷን ሳይሆን ራሱን ነው፤ እሷ ስትሰማ ፊቷ የሚሆነውን ከማየት።

ውጤቷ በሦስተኛው ቀን ወጣ። አብረው ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ። ነርሷ ሁለቱንም አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጣ ነገረቻቸው። አለባት። እንደ እሱ አልከፋም፣ ይድናል፤ መድኃኒቱ ያው ስድስት ወር ነው። ከማን ወደ ማን እንደሄደ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብላ ጨመረች፤ ይህን ስትል ግን ወደ አባ ጥጥ አላየችም። እሱም ሦስቱን ሳምንት በልቡ ቆጠረ። ያን ቀን እህት አለችኝ ቢል ኖሮ፣ እነዚያን ሳምንታት መድኃኒት ላይ ሆና ታሳልፋቸው ነበር።

ነርሷ መድኃኒቱን ልታመጣ ገባች። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ይመላለሳል። አባ ጥጥ እጁን ወደ እህቱ እጅ ሊዘረጋ አስቦ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

“እትዬ” አላት። “ይቅር በይኝ።”

እሷ ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም፤ አልራቀችውምም። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ከደነች።

“እሱን መድኃኒቱን ስንጨርስ እንነጋገርበታለን” አለችው። “አሁን ደክሞኛል።”