ለልጄ ዓይን የተሰጠው ስስ ሽፋን

የልጄ ቀኝ ዓይን የተቃጠለው ግድግዳ ኖራ ስንቀባ ነው። ከባልዲው ተፈናጥሮ ገባባት። እኔም በድንጋጤ በውሃ ማጠቡን ትቼ ቅቤ አደረግሁባት። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንደደረስን ይህንኑ ለሐኪሟ ተናዘዝኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ዓይኗን ደጋግማ አጠበችላት።

ቀናት አለፉ፤ ቁስሉ ግን አልገጥም አለ።

"ገላዋ ራሱን እንዲጠግን የሚያግዝ ነገር አለ" አለችኝ ሐኪሟ። ሕፃን በማህፀን ሳለ የሚጠቀለልበት፣ ከእንግዴ ልጅ ጋር የሚወጣ ስስ ሽፋን ነው። ዓይኗ ላይ ይሰፋል፤ ከሥሩ ቁስሉ ይሽራል፤ ሽፋኑም በጊዜው ይሟሟል። "ተስፋ ነው እንጂ ቃል አልገባልሽም" አለች። በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት ግን መፍቀድ አለባት።

አንዲት ነፍሰ ጡር ተገኘች፤ ደሟም ተመረመረ። "እናቴ ካለች እሺ" ብላለች። እናቷ ከቆላው ከአሊዩ አምባ የመጡ አሮጊት ናቸው። እንግዴ ልጁን አገራቸው ወስደው ሊቀብሩ፣ ፌስታል ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

"ካልተቀበረ ልጁ አገሩን አይወድም። እንደ ነፋስ ሲዞር ይኖራል" አሉ።

"እማማ፣ እኛ የምንፈልገው ሽፋኑን ብቻ ነው። የቀረውን ይቀብሩታል" አለቻቸው ሐኪሟ።

"ለማን ነው?"

ሐኪሟ እስክትመልስ አልጠበቅሁም፤ የልጄን እጅ ይዤ ቀረብኩ።

አሮጊቷ የታሸገውን ዓይን አዩ። "አንቺ፣ ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም? ውሰዱ፣ ለአላህ ብለን ሰጥተናል።" ልጄንም ጉንጯን ነካ አድርገው፣ "ከእንግዲህ አንዱ ዓይንሽ ቆለኛ ነው። የዚህ አገር ብርድ ያስለቅሰዋል" አሏት። ልጄ ከተቃጠለች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ሽፋኑ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው አሉኝ። ስንት ዘመን አፈር ስናለብሰው ኖረናል። ፈጣሪ እዚያ ውስጥ ያኖረውን ፈልገው ያገኙትን ሰዎች አደንቃለሁ። የአሮጊቷን ስም ሳልጠይቅ ተለያየን። በጸሎቴ "የአሊዩ አምባዋን እናት ከነልጅ ልጃቸው" እላለሁ፤ እሱ ያውቃቸዋል።

ሽፋኑ ከተሰፋላት ከሳምንታት በኋላ ሐኪሟ የልጄን ደህና ዓይን በእጇ ከደነችና "ምን ይታይሻል?" አለቻት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

"ትንሽ ብዥ ይላል። እማዬ ናት... ነጠላዋን ለምን እንደ ለቅሶ ለበሰች? ማን ሞቶ ነው?"

ወደ ራሴ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ጥለቱ ትከሻዬ ላይ ነበር። ጠዋት ስወጣ እንዲያ መልበሴን አላወቅሁም።

"ማንም አልሞተም" አልኳት። እዚያው ገልብጬ ለበስኩት።