አጥር ላይ የምታድረው እጅ

ደሳለ ስድብ ብርቁ አይደለም። ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ሌላም ሌላም እየተባለ ነው ያደገው። ሙጃ ገበያ ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ እንኳ ከእጁ አይቀበልም፤ «እዚያ መሬት ላይ አኑራት» ይለዋል። እሱስ ተለምዷል፣ ይቅር።

ገበሬው ውባንተ ግን ከሌሎቹ የተለየ መስሎ ነበር የመጣው። ጦርነቱ ማሳው ላይ ጥሎት የሄደው ፈንጂ ቀኝ እጁን ከአንጓው ቆርጦታል። ከከተማ የፕላስቲክ እጅ ሰጥተውት ነበር፤ ፎቶ ለመነሳት እንጂ ለምንም አትሆን። በሬ የጠመደ ሰው በአንድ እጁ እርፉን ይዞ በሌላው ጅራፉን ካላነሳ ምኑን አረሰው? መሬቱን ለሌላ ሰው አርሶ ምርቱን እኩል እንዲያካፍለው ሊሰጥ ነበር።

«አንድ ነገር ሥራልኝ፣ ወንድሜ» አለው።

ወንድሜ! ደሳለን ከዘመዶቹ በቀር ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ሆዱ ባባ።

«በዚች እጅ ያረስኩ እንደሆን፣ የመጀመሪያውን እንጀራ ካንተ ጋር ነው የምቆርሰው። ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

ሠራለታ! ከአሮጌ መኪና የሞላ ብረት መቆንጠጫ ቀጠቀጠ፤ ከወይራ መዳፍ ጠረበ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ሚስቱ የሺሃረግ ከለፋ የበሬ ቆዳ ሰፋችው። ቆዳው ደርቆ የውባንተን ክንድ ላጠው፤ ቅቤ እየቀቡ አለሰለሱት። ሞላው ጠንክሮ እርፉን ሰነጠቀው፤ ተመልሶ እሳት ገባ። በመጨረሻ ውባንተ በሬዎቹን ጠምዶ ትልም ሲያወጣ፣ ደሳለ ማሳው ዳር ቆሞ እንደ ሞኝ አለቀሰ።

ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ። የሚካኤል ማኅበር ተራው የውባንተ ሆነና ደግሶ «ኑ» ብሎ ላከባቸው። ደሳለ ነጭ ለብሶ ከሚስቱ ጋር ሄደ። ደጃፉ ላይ ቀና ቢል፣ ያቺ የለፋባት እጅ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላለች።

ውባንተ ክንዱን በጋቢ ሸፍኖ ወጣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እናንተ እዚሁ ጥላው ላይ አረፍ በሉ። ማኅበርተኛው እንዳይጸየፍ ብዬ ነው፤ እጂቱንም ቢሆን አላስገባኋት።»

ወዲያው እንጀራ በተሰበረ ገል ቀረበላቸው። በገል! ለውሻ እንደሚቀርበው!

ኤዲያ! ደሳለ እንጀራውን ሳይነካ ብድግ አለ። «እዚያ ውስጥ የሚበሉትን ገብስ በየትኛው እጅህ አረስከው?» አለ። ደሳለ እጂቱን ከአጥሩ አውርዶ፣ ገሉን ተራምዶ፣ ሚስቱን ይዞ ሄደ። እንዲህ ያለ ቅሌት! መንገዱን ሙሉ ምራቁን እንትፍ እያለ ነው ቤቱ የደረሰው።

የእርሻ ወራት ሲመጣ ውባንተም መጣ። ገና ሳይነጋ የተነሳ መንገደኛ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ባልና ሚስት ምሳ ላይ ነበሩ። የሺሃረግ፣ ያስለመደችው አፏ ቀደማትና፣ «እንብላ!» አለችው።

ውባንተ እንጀራውን አየ። ምራቁን ዋጠ።

«በልቻለሁ፣ ይመስገን» አለ። «እጂቱን ልወስዳት ብዬ ነበር።»

ደሳለ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ዞሮም አላየው።

«አጥር ላይ ናት» አለ፤ «እንዳስለመድካት።»