ከሸረሪቷ ወደ ቅጠሉ

ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ መስታወቱ ላይ ያንጠለጠለው የእንጨት መቁጠሪያ፣ ሙስበሃው፣ እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ሲል የእናቴ እንጨቶች ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል፣ ከድምፁም ጋር ንዴቴ ይመጣል። ሌላው ሰው የልጅነቱ ድምፅ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል፤ የኔ ግን ያርራል።

እናቴ ፈትሂያ የድሬዳዋ ልጅ ናት። እዚያ ሳለች ከአንዲት ጎረቤታቸው ጣልያናዊት አሮጊት የተማረችው ዳንቴል ሴቱ ሁሉ በኪሮሽ የሚሠራው ዓይነት አልነበረም፤ ሣር በታጨቀበት ትራስ ላይ ስፒል እየሰካች፣ ጣት በሚያካክሉ ብዙ እንጨቶች የተጠቀለለውን ክር እያጠላለፈችና እያዞረች የምትሠራው ነበር። እንጨቶቹን ከግራር ቅርንጫፍ የቀረጸላት የበርበራ መንገድ ሾፌር የነበረው አባቴ ነው። ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር በተከራየናት ቤት በር ላይ ትራሱን ታቅፋ ስትቀመጥ እጇን በዓይኔ መከተል ያቅተኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ጉ የምንለው የጸደይ ዝናብ ሲጀምር፣ ዓይኗ መድከም ጀመረ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እኔን ትጠራ ጀመር፤ ትንሽ ቆይታም «ዓይኔ ሳይከዳኝ የማውቀውን ሁሉ አንድ ላይ ልሥራልሽ፣ እኔ ባልችል እሱ ያስተምርሻል» ብላ መቀነት የመሰለ ረጅም ዳንቴል ጀመረች። የአሠራሩን ዓይነቶች ራሷ ባወጣችላቸው ስም ነበር የምትጠራቸው፦ እንደ ጨርቅ የጠበቀው ድፍኑ፣ ቀጥሎ ወንፊቱ፣ ሹሩባው፣ እግሮቿን የዘረጋችው ሸረሪት፣ መጨረሻ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ቅጠሉ። «ዓይነቱን ማንም ይለምደዋል፤ ጭንቁ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው» እያለች መሻገሪያውን በጣቴ ታስዳስሰኝ ነበር።

ሐጋ የምንለው ነፋሻማ ወቅት መጥቶ የሀርጌሳ ንፋስ አቧራውን ሲያቦን እንጨቶቹን እያማታ ክሩን ያወሳስበው ስለነበር፣ «አቦ በሩን ዝጊው!» ትለኝና በዚያ ሙቀት ተዘግተን፣ እሷ የዛገ ስፒል እየነቀለች፣ እኔ ውሉ የጠፋ ክር እየፈታሁ እንውል ነበር። የመከሩ ዝናብ ሲገባ እሷ ሸረሪቷን ጨርሳ ወደ ቅጠሉ ልትሻገር ስትል፣ እኔ በራሴ ትንሽ ትራስ ላይ ሹሩባ ደርሼ ነበር። ዓይኗ እንባ እያቀረረ ሲያስቸግራት «ነገ ቀጥዪው» ስላት «ነገን ማን አየው» ብላ ትራሱን ወደ ፊቷ ታስጠጋ ነበር።

ደረቁ ወራት፣ ጂላል፣ ሲገባ ዳንቴሉ አለቀ። አጥባ፣ አድርቃ፣ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው፤ እኔ ሹሩባዬን ስጨርስ ልታወጣልኝ።

በዚያው ሰሞን የአባቴ እህት ኤዶ ሳፊያ ልጇን ልትድር ደፋ ቀና ትል ነበር። የባል እህት ለሰርግ ብላ ስትመጣ እምቢ አይባልምና፣ እናቴ ለትሪ ማልበሻ የሚሆን ነገር ስትጠየቅ «ሳጥኑ ያውልሽ፣ የፈለግሽውን ውሰጂ» ብላት እኔን አስከትላ ገበያ ወጣች። ስንመለስ ኤዶ ሳፊያ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታ፣ መቀሱ ከጉልበቷ ሥር፣ ፊቷ በኩራት በርቶ ነበር።

«ፈትሂያ፣ ወላሂ እጅሽ ይባረክ! ዓይነቱ ሁሉ ተደባልቆ ነበር እኮ፤ ለየትሪው አንድ ዓይነት እንዲሆን ለየሁልሽ» አለች።

ለእኔ መማሪያ የተሠራው ረጅም ዳንቴል ገበያ ላይ በሜትር የሚቆረጥ ዓይነት መስሏት ነበር። አንድም ሸረሪት ሳትነካ፣ ሥርዓት ይዛ፣ ልክ መሻገሪያው መሻገሪያው ላይ ቆርጣዋለች። ልጮህባት አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝና «ማሻአላህ፣ አምሯል» አለች።

ከዚያም፣ ይህንን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ፣ ተቀምጣ የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ክር በክር ትቋጥር ጀመር። የቀረችውን የዓይኗን ብርሃን በዚያ ጨረሰችው። «ለምን?» ብዬ ስጮህባት «የሰርግ ቤት ነው፤ ትሪው ላይ ተተርትሮ ሳፊያን ያዋርዳት?» አለችኝ። እኛ ብንዋረድስ? ያን ጊዜ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዛሬ እናቴ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አትለይም። እኔ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በመኪና የተሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ዳንቴል ቀኑን ሙሉ በሜትር እየቆረጥኩ ቀሚስ ላይ እሰፋለሁ። ማታ ማታ ትራሱን አወጣና ስትሠራ ያየሁትን እያስታወስኩ ሸረሪቷ ድረስ እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ቅጠሉ መሻገሪያው ይጠፋኛል፤ ስጠይቃት እናቴ እንጨቶቹን ተቀብላ ጥቂት ታንቀሳቅሳቸውና «ስፒሉን ሳላይማ...» ብላ ትመልስልኛለች።

ባለፈው ዒድ ኤዶ ሳፊያ ቤት ሻይ ሲቀርብ ትሪው ላይ ቅጠሉን አየሁት። ብርጭቆዎቹን አንስቼ፣ ገልብጬ፣ በጥፍሬ መሻገሪያውን ፈለግኩ፤ ያገኘሁት የእናቴን ቋጠሮ ብቻ ነው። ኤዶ ሳፊያ ስታየኝ ጊዜ ደስ ብሏት «ይኸው፣ ስንት ዘመኑ፣ አንድ ክር አልወለቀም!» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አልወለቀም። ያኔ እዚያው ሰርጉ ላይ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ ቢተረተር ኖሮ፣ ቢያንስ ምን እንደቆረጠች ታውቅ ነበር።