የጉራራው ግምገማ

ሳይኮሎጂ እማራለሁ ስል የሰማኝ ሰው ሁሉ ወይ «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይለኛል፣ ወይ ስለ ሰፈሩ እብድ ያወራልኛል። እናቴ ደግሞ የመሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻችን ሲጠይቋት «የአእምሮ ነገር ነው» ትልና ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ትሻገራለች። ለጸሎት ቡድኗ ግን «ልጄ የታሰሩትን ልትፈታ ነው» ብላ እንደነገረቻቸው ደርሼበታለሁ። እኔም ብሆን ከእሷ ብዙም የራቀ ሐሳብ አልነበረኝም። ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ሰውየው ቀለል ይለዋል። በቃ፣ ሙያው ይኼ መስሎኝ ነበር።

የመስክ ልምምድ የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ የክፍል ጓደኞቼ ጉርድ ሾላ ያሉ ቢሮዎች ለመመደብ ተሻሙ። ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ የሰው ኃይል ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ። በዚያ ዘመን ሳይኮሎጂ ተምሮ እንጀራ የሚበላው ሠራተኛ በመቅጠር እንጂ ሰው በማዳመጥ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ግን ፈረንሳይ ሰፈር፣ ጉራራ ያለውን መጠለያ መረጥኩ። ሌላ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ሴቶች ከዓረብ አገር በገፍ እየተባረሩ የሚመለሱበት ጊዜ ነበርና አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጤናቸው የታወከውን እዚያ ያስጠልል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከመሪ ተነስቼ መገናኛ እወርዳለሁ። መገናኛ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ መንገዱ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይታወቅም ነበር። አቧራውን ውጬ በቀበና በኩል ወደ ፈረንሳይ እሄዳለሁ፤ ከታክሲው ወርጄ ሽቅብ በእግሬ እወጣለሁ። መጠለያው ከአንድ ነጋዴ የተከራዩት ግቢ ነው። ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ መጥፎ አይደለም፣ ሴቶቹም ይስቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ለእናቴ ደውዬ ደስ ይላል አልኳት።

ደስታዬን ያጠፋው አስተባባሪው ነው። ቀድሞ ወጣት ሲያደራጅ የኖረ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ፣ ኮቱን በፀሐይም የማያወልቅ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኼው ነው። ክፉ ቢሆን ጠልቼው ይወጣልኝ ነበር። ሴቶቹ ሲታመሙ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሱ ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ለምኖ የሚያመጣው እሱ ነው። ግን አዳማ ላይ በአንድ ሆቴል አጭር ሥልጠና ወስዶ ተመልሶ ነበርና ያ ሥልጠና ጉድ አፈላ።

«እህቴ፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ግሩፕ ቴራፒ የምትሉት አዲስ ነገር አይደለም» አለኝ ከወንበሩ ተደላድሎ። «እኛ ስንሠራበት የኖርነው ነው። ግሩፕ ቴራፒ ማለት ግምገማ ማለት ነው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

ያን ዘመን ለማያውቅ ሰው ግምገማን ማስረዳት ይከብዳል። መምህሩ ይገመገማል፣ ነርሷ ትገመገማለች፣ የቀበሌው ዘበኛ ሳይቀር ይገመገማል። ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ አንዱ ይነሳል፣ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ይናገራል፤ ይኼ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌሎቹ እሱ የዘለለውን ይጨምሩበታል። ሰውየው አመስግኖ ይቀመጣል። አባቴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግምገማ በዋለ ቁጥር ምሳውን ሳይበላ፣ ሳይናገር ይተኛ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ይኼንኑ ነገር ከሰው ቤት በመስኮት ዘለው ባመለጡ ሴቶች ላይ ሊሞክረው ነው።

ሞከረውም። ሐሙስ ሐሙስ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሳሎኑ ውስጥ በክብ ይደረደራሉ፣ ነጭ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ አስተባባሪው ማርከሩን ይዞ ይቆማል። ሴቶቹ መጀመሪያ ቀልደውበታል። አንዷ ተነስታ «ደካማ ጎኔ ሻይ ላይ ስኳር አበዛለሁ» አለች። ሌላዋ ጠዋት ለመነሳት እንደምትለግም ተናዘዘች። ከወሎ የመጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ «የኔ ደካማ ጎን እዚህ ስብሰባ ላይ እንቅልፌ መምጣቱ ነው» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እኔም ስቄያለሁ። እነዚህ ሴቶች ከእኔም ከእሱም ይበልጣሉ፣ ምንም አያመጣም ብዬ ነበር።

እሱ ግን በሳቅ የሚመለስ ሰው አልነበረም። «ከላይ ከላይ ነው የምትነኩት። ወደ ውስጥ ግቡ!» ይላል። አንድ ሐሙስ አንዲት ልጅ፣ ገና ፊቷ ላይ ብጉር ያለባት፣ ወደ ውስጥ ገባች። የአሠሪዋ ልጅ ሌሊት ሌሊት ምን ያደርጋት እንደነበር ተናገረች። አስተባባሪው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና ወደ እኛ ዞሮ «ጨምሩላት» አለ። ማንም አልጨመረም። «እሺ፣ እኔ ልጀምር። ለምን አልጮኽሽም?» ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «እንጃ» አለች። ዞሮ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፦ ድፍረት ማነስ።

ወጥቼ ሽንት ቤቱ ጀርባ ቆምኩ። በማግስቱ ወደሚከታተለን መምህራችን ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ አዘነ፣ «የምትመደቡበትን ተቋም አሠራር ማክበር አለባችሁ። ይኼም ልምድ ነው» አለኝና ወደ ክፍል ገባ። ልምድ! ሰው ሲዋረድ ቁጭ ብሎ ማየት ልምድ ከሆነ አባቴም ባለሙያ ነበር ማለት ነው።

ትቼ ያልሄድኩት በአንዲት ሴት ምክንያት ነው።

ከስልጤ በኩል የመጣች ናት ይባላል። አብረዋት በአውሮፕላን የመጡት ናቸው ያወቁላት እንጂ እሷ ከመጣች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። መስማት ትሰማለች፤ ስሟ ሲጠራ ዓይኗ ይንቀሳቀሳል። ደረጃው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ወደ ተራራው ታያለች፣ ሌላ ምንም አትሠራም። የማብሰል ተራ የላትም፣ የማጠብ ተራ የላትም። እትዬ ናቸው የከለከሉት። «የዕድሜ ልኳን ሥራ እዚያ ጨርሳዋለች፤ ማንም ዕቃ እንዳያሲዛት» ብለው አውጀዋል። ሴቶቹም ምግቧን ያለችበት ድረስ ያመጡላታል።

እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ ደረደርኩባት። የሚያናግር ጥያቄ፣ የሚያበረታታ ድምፅ፣ ጎንበስ ብሎ መቀመጥ። ራሴን ሳደምጥ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ሆንኩብኝ። ተውኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አጠገቧ ፀሐይ መሞቅ ጀመርኩ። አልፎ አልፎ ስለ መገናኛ ቁፋሮ፣ ስለ ወያላዎቹ አመል አወራላታለሁ፤ ለእሷም ይሁን ለራሴ አላውቅም። ቆይታ ቆይታ ወደ እኔ ጠጋ ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን ምሳ መጣላት። አንዴ ጎረሰች፣ ፊቷን አኮሳተረች፣ ሳህኑን በጣቷ ገፍታ ወደ እኔ መለሰችው። ቀመስኩት፤ ሽሮው ጨው የሚባል አልነካውም። ሮጬ ጨው አመጣሁላት፣ ነስንሳ ጠርጋ በላችው። ለሌላ ሰው ይኼ ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን ከጉራራ እስከ ታክሲው ድረስ እየሳቅሁ ወረድኩ። አልፈልግም ብላለች! የሰው ቤት የከረመች ሴት የቀረበላትን ምግብ አልወደድኩትም ብላ መልሳለች። ይኼ እንዲቀጥል፣ አልፈልግም ማለቷ እያደገ ሄዶ አንድ ቀን ቃል እንዲወጣው፣ ከዚያ በላይ የተመኘሁት ነገር አልነበረም። የሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር፤ ማንም ሳይነካት የምትቆይበት ጊዜ።

በቀጣዩ ሐሙስ አስተባባሪው ጫማውን አስጠርጎ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ድርጅቱን የሚረዱት ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ። «አንድም ያልተናገረ ሰው እንዳይኖር። ሁሉም ሳይናገር መድረኩ አይዘጋም» አለ። ምሳ ደርሶ ነበር፤ የወጡ ሽታ ከማድ ቤት ይመጣል። ሴቶቹ የለመዱትን በየተራ ተናግረው ተቀመጡ። እሷ ብቻ ቀረች።

«አንቺስ?» አላት።

እጄን አወጣሁ። ሳይፈቅድልኝ ተነሳሁና ሰውን አስገድዶ ማናገር ሙያችን የሚከለክለው ነገር መሆኑን፣ ልጅቷም እየተሻላት መሆኑን ተናግሬ «እባክዎን ይለፏት» አልኩ።

«በጣም ጥሩ፣ እህቴ። አስተያየትሽን እንደ ግብዓት ወስደነዋል» አለኝ። «እስቲ አንቺም ደካማ ጎንሽን ንገሪን።»

«ደካማ ጎኔ ይኼንን ቁጭ ብዬ ማየቴ ነው» አልኩት።

«ግልጽነትሽ የሚበረታታ ነው» ብሎ ዞረ። እንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ይደረጋል? ስድቡንም እንደ ግብዓት ይወስደዋል።

እትዬ «ተዋት ልጄ፣ የአላህ ፍጡር ናት፣ ምን አደረገችህ?» አሉት። እሳቸውንም አመሰገነ። ጊዜው ሄደ። ማንም እንዲወጣ አልተፈቀደም። መጀመሪያ ሁሉም ለእሷ አዝኖ ነበር፤ ቆይቶ አንዷ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች፣ ሌላዋ በረጅሙ ተነፈሰች። የሚጠባ ልጅ ያላት አንዲት ሴት «በይው በቃ፣ አንድ ነገር በይ!» አለች። ቀጥሎ ከወዲያም ከወዲህም «በይ እንጂ»፣ «ምናለበት»፣ «እኛስ ተናግረን የለ» ተባለ። ከምንም በላይ ያስጠላኝ ይኼ ነበር። እንጀራ የሚያመላልሱላት፣ ነጠላ የሚያለብሷት ሴቶች ናቸው። ሰውየው ምንም ሳያደርግ፣ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን እያየ፣ የራሱ ዓይነት ሰው አደረጋቸው።

በመጨረሻ አስተባባሪው ሄዶ ፊት ለፊቷ ቆመ። እጆቹን አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ጮኸ፦ «ተነሽ!»

ተነሳች። እንዴት እንደተነሳች አልረሳውም። ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ሐዲር፣ ማዳም» አለች።

ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ እንደ ሕፃን ድምፅ።

«ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ አስተባባሪው።

ማንም ለመመለስ አልፈለገም። ሁሉም ያውቁታል፤ ሁሉም ብለውታል። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እሺ፣ እመቤቴ ነው ያለችው» አሉ። «እዚያ ለአሠሪ የሚባል ነው።»

«ተናገረች!» አለ። «አያችሁ? መድረኩ የማይፈታው ነገር የለም!» አጨበጨበ። ጥቂቶቹ አብረውት አጨበጨቡ፣ ምሳው እንዲመጣ። እኔ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

ምሳ ቀረበ። ሁላችንም እዚያው ወንበሮቹ ላይ ተቀመጥን። እሷ አልተቀመጠችም። ማንም ሳያዛት ማድ ቤት ገብታ ጆጎና ሳፋ ይዛ ወጣች፣ ፎጣውን ክንዷ ላይ ጣለች። መጀመሪያ አስተባባሪው ጋር ሄደች። እጁን ዘረጋላት፣ አስታጠበችው፣ ፎጣውን አቀበለችው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆመች። «ጎበዝ!» አላት። ከዚያ ተራ በተራ ሁሉንም እያጎነበሰች አስታጠበች። እትዬ ሊቀበሏት ሞከሩ፤ በለሆሳስ «ሐዲር» ብላቸው አለፈች።

እኔ ጋ ደረሰች። «ተይ፣ እኔ ነኝ እኮ። ነይ ተቀመጪ፣ ምሳሽን ብዪ» አልኳት። ከፀሐዩ ላይ የማውቃት ሴት ዓይኗ ውስጥ ትኖር እንደሆነ ፈለግኳት። ከአገጬ በላይ አላየችም።

«ሐዲር፣ ማዳም» አለችኝ፣ ለእኔም።

እጆቼን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። እሷ ግን ጆጎውን አዘንብላ ነበርና ውሃው እጅ በሌለበት ወረደ፣ ከሳፋው አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደነገጠች። ጆጎውን አስቀምጣ፣ ፀጉሯን የጠቀለለችበትን ሻሽ ፈትታ፣ እግሬ ሥር ተንበርክካ ወለሉን ትወለውል ጀመር። ተንበርክኬ ክንዷን ያዝኩ፤ ፊቷን በመዳፏ ከለለች፣ ልመታት እንደሆነ ሁሉ።

«ይኸው፣ ሥራም ጀመረች» አለ አስተባባሪው፣ ጎርሶ።