የትራምፔቱ ክርክር

መነጽር ቤቱ ውስጥ «ጠበቃዋ» ይሏታል። ሥራዋ ግን ከፍርድ ቤት ጋር አይገናኝም፤ ከኋለኛው ክፍል በሞረድ ማሽን ፊት ተቀምጣ ሌንሶችን በፍሬማቸው ልክ ትሞርዳለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ለ«አምስተኛ ፎቅ» ስለምትሟገት ነው። አምስተኛ ፎቅ አሳታሚ የሌለው ባንድ ነው፤ ሦስቱ ልጆች ዘፈናቸውን በተከራዩት ክፍል ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው ይለቃሉ። እነሱን ያማ ሰው ምሳ ሰዓቱን ሙሉ የጠበቃዋን ክርክር ችሎ መቀመጥ ነበረበት።

አዲሱ አልበም ከአራት ዓመት ጥበቃ በኋላ በወጣበት ማክሰኞ ግን ጠበቃዋ ድምፅዋን አጠፋች። የመነጽር ቤቱ ባለቤት ግራ ገብቶት፣ ምነው ዝም አልሽ፣ አልጣመሽም እንዴ ብሎ ጠየቃት። ገና አልሰማሁትም ስትለው ሥራ ለቀቅሁ ያለችው ያህል ደነገጠ።

ነገሩ ከታናሽ ወንድሟ ጋር የተያያዘ ነው። ከስምንት ወር በፊት በልብ ሕመም ሞቷል። ልጆች ሳሉ በቤቱ የነበረው ኤርፎን አንድ ብቻ ስለነበር ቀኙ የእሷ፣ ግራው የእሱ ሆነ። ካደጉ በኋላም ደንባቸውን አልቀየሩም፦ አዲስ አልበም ሲወጣ ማንም ቀድሞ አይሰማም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። ከዚያ ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁን ወንድሟ በሰማያዊ ደብተር ይመዘግበዋል።

ከሁሉ የከረረው በሁለተኛው አልበም ላይ ስላለ፣ እርጥብ ጫማን ስለሚያነሳ ዘፈን ነበር። ወንድሟ ትራምፔት አለበት ይላል፤ እሷ የለም ትላለች። የባንዱን ስም ዝርዝር አምጥታ ትራምፔት የሚነፋ ሰው እንደሌለ አሳይታዋለች። ሥራ ቦታም ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ሌንስ ሊሰነጠቅ ሲል የማሽኑ ድምፅ ስለሚለወጥ ሞራጅ አንድ ጆሮውን ለሥራው መተው አለበት፤ እሷም የምትሰካው እንደለመደችው ቀኙን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቷ ከወጥ ቤት ሲወጡ ሶፋው ላይ አገኟት። ቀኙን ኤርፎን ሰክታለች፤ ግራው ወንድሟ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ተጋድሟል። ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ ግን አልከፈተችውም።

«አትሰሚውም እንዴ?»

«ደንቡን አፍርሼ፣ እማዬ?»

እናቷ አጠገቧ ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሹ።

«እንዳልነግርሽ አደራ ብሎኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ወንድምሽ እኮ ቀድሞ ይሰማ ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ሁለቱንም ኤርፎን ጆሮው ውስጥ ወትፎ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ ከጎኔ ይወዛወዛል። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ አዲስ እንደሆነበት ሰው አፉን ከፍቶ ይቀመጥልሻል።»

«ሁልጊዜ?»

«አንዱንም አላለፈውም።»

ጠበቃዋ በገነች። ስምንት ወር ሙሉ ለአጽናኞቿ አንገቷን ደፍታ አሜን ስትል የከረመች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በሟቹ ተናደደች። «ሌባ» አለችና በእልህ ሁለቱንም ኤርፎን ሰክታ ከፈተችው።

የመጀመሪያው ዘፈን ከበሮ በሩጫ ደረጃ የሚወርድ ሰው ኮቴ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ላይ ዘፋኟ ቃሉን አጋምሳ ስትተወው ጠበቃዋ ሳታስበው ወደ ጎኗ ዞረች፤ እንዲህ ያለውን ለሰው ሳትናገር ማለፍ አትችልም። አራተኛው ላይ፣ በግራ ጆሮዋ፣ ከጎረቤት ክፍል የመጣ የመሰለ ትራምፔት ሰማች።

አቆመችው። ወደ ሁለተኛው አልበም ሄዳ የእርጥብ ጫማውን ዘፈን ፈልጋ አወጣች። ያንን ዘፈን በሁለት ጆሮ ሰምታው አታውቅም ነበር። ዘፋኟ ወደ ማብቂያው ስትቃረብ ቀጭን፣ አፋር፣ ሦስት ትንፋሽ የማይሞላ ትራምፔት በግራ በኩል ብቻ መጥቶ ሄደ። ወንድሟ ይህን ሁሉ ዓመት ጆሮው ውስጥ ይዞት ነበር። መልሳ ሰማችው፤ አሁንም መልሳ።

ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች። ክርክሩ በተመዘገበበት ገጽ «የለም» የሚለውን ቃሏን በአንድ መስመር ብቻ ሰረዘች፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ከጎኑ ቀኑን አስቀድማ እንዲህ ጻፈች፦ «ትራምፔት አለ። እሱ ልክ ነበር። ሌባም ነበር።»

ቀኙን ኤርፎን ለእናቷ ሰጥታ፣ ግራውን ለራሷ ይዛ፣ አዲሱን አልበም ከመጀመሪያው ጀመረች። እናቷ ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሳይደርሱ ከበሮው በዛ አሉ። ጠበቃዋ አቆመችውና መሟገት ጀመረች።